ሞንታና ጎልድ፣ ሞንታና ብላክ ወይስ ኤምቲኤን 94፦ የትኛው ጣሳ ለየትኛው ግድግዳ?

የመኪና ጭረት ለመሸፈን የሚሸጠው ስፕሬይና ለግድግዳ ሥዕል ተብሎ የሚመረተው ስፕሬይ መደርደሪያ ላይ ሲታዩ መንታ ይመስላሉ። ሁለቱም 400 ሚሊ ሊትር አካባቢ ይይዛሉ፣ ሁለቱም ሲነቀነቁ ውስጣቸው ያለው ኳስ ይንኳኳል። ዋጋቸው ግን ይራራቃል፤ ግድግዳ ላይ ሲወጡማ ጭራሽ አይገናኙም። እዚህ የሚነጻጸሩት በግራፊቲ ሠሪዎች ዘንድ በብዛት የሚታወቁት ሦስቱ ጣሳዎች፣ ሞንታና ጎልድ፣ ሞንታና ብላክና ኤምቲኤን 94 ናቸው፤ ተራው የመኪና ስፕሬይም አብሮ ይታያል። ፍርዱን ከወዲሁ ልናገር፦ ገንዘብ ያጠረው ሰው ውዱን ጣሳ ለዳር መስመርና ለጥላ ብቻ ይግዛ፣ ሰፊውን መደብ በሮለር ይቀባ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለው ደግሞ ጣሳ ሳይሆን ካፕ፣ ማለትም ጣሳው አናት ላይ በጣት የሚጫኑትን መርጫ፣ ያስመጣ።

ስማቸው ብዙ ሰው ያሳስታል። ሞንታና የሚባሉ ሁለት ድርጅቶች አሉ፣ ዛሬ አንዳቸው ከሌላው ጋር አይገናኙም። እ.ኤ.አ. በ1994 ባርሴሎና ውስጥ የተመሠረተው ሞንታና ኮለርስ ጣሳዎቹን ኤምቲኤን በሚል ስም ይሸጣል። "94" የሚለውም የምሥረታ ዓመቱ ነው፤ ከስልክ ኩባንያው ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ጎልድና ብላክ የሃይደልበርጉ፣ ማለትም የጀርመኑ ሞንታና ካንስ ምርቶች ናቸው። "ሞንታና ስጠኝ" ብሎ ያዘዘ ሰው ካሰበው ሌላ ጣሳ ቢደርሰው አይገርምም። የቀለም ቁጥሮቻቸውም የየራሳቸው ስለሆኑ ስታዙ የጣሳውን ዓይነትና ቁጥሩን ጻፉ፤ ለምሳሌ የኤምቲኤን 94 ጥቁር አር-9011፣ ነጩ አር-9010 ነው።

እነዚህ ፋብሪካዎች ከመምጣታቸው በፊት ሥራው የሚሠራው ለወንበርና ለአጥር ተብሎ በተመረተ ቀለም ነበር። ስፕሬይ ቀለም በጣሳ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1949 አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ፣ ኤድዋርድ ሲይሞር በሚባል የቀለም ነጋዴ ነው። የ1970ዎቹ የኒው ዮርክ ባቡር ሠዓሊዎች ያገኙት ክራይሎንና ረስት-ኦሊየም ነበር፤ ሰፊ መስመር ሲፈልጉ የሌላ ጣሳ ካፕ ነቅለው እየተከሉ ይሠሩ ነበር። አውሮፓውያኑ የጨመሩት ሦስት ነገር ነው፦ በጣት የሚታዘዝ ቫልቭ፣ የተመጠነ ግፊት፣ የቀለም ብዛት። የዋጋው ልዩነት የሚሄደው ለነዚህ ነው።

ግፊቱን በደንብ እንየው፤ የሁሉ ነገር ሥር እሱ ነውና። ቀለሙን የሚገፋው ታምቆ ፈሳሽ የሆነ ጋዝ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የፕሮፔንና የቡቴን ድብልቅ ወይም ዳይሜቲል ኢተር። ቀለም በወጣ ቁጥር ፈሳሹ ጋዝ ተንኖ ባዶውን ቦታ ይሞላል፤ ስለዚህ ጣሳው ሊያልቅ እስኪቃረብ ድረስ ግፊቱ ብዙም አይወርድም። የሚያወርደው ብርድ ነው። ጋዙ ሲተን ጣሳውን ራሱን ያቀዘቅዘዋል፤ አንድ ጣሳ ሳያቋርጡ ሲረጩበት እጅ ላይ እንደ በረዶ የሚሆነው፣ መስመሩም እየሳሳ የሚሄደው ለዚህ ነው። መፍትሔው ከአንድ ቀለም ሁለት ጣሳ ይዞ እያፈራረቁ መሥራት ነው።

በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ማለዳ ላይ ዝቅተኛ ግፊት ያለው ጣሳ በደቃቁ መርጨት ትቶ ጠብታ ጠብታ ይተፋል። እጅ የሚችለው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ማቆም ይበቃዋል። ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ፣ ፀሐይ ላይ ማስጣት አይታሰብም፤ ጣሳው ላይ የተጻፈው ከ50 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዳይበልጥ የሚል ነው። ዱባይና ሪያድ ያላችሁ ደግሞ በበጋ በቆመ መኪና ውስጥ ሙቀቱ ከዚህ እንደሚያልፍ አትርሱ፤ ጣሳ መኪና ውስጥ አያድርም። ስለ ከፍታ ለሚጠይቅ፦ አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ ከተሞች በሩብ ገደማ ስለሚያንስ ጣሳው ትንሽ ብርታት ያገኛል፤ ከብርዱ ጋር ሲተያይ ግን ቁም ነገር የሚባል አይደለም።

ሞንታና ብላክ ከፍተኛ ግፊት ያለው ጣሳ ነው። ቀለሙ ናይትሮ (ቶሎ የሚደርቅ ሙጫ) ከአልኪድ (ከዘይት ከሚሠራ ሙጫ) ጋር የተዋሐደበት ሲሆን የቀለም ምርጫው ወደ 190 ይጠጋል። ሲጫኑት ብዙ ቀለም በአንድ ጊዜ ያወጣል፤ ነፋስ ባለበት ቦታ እንደ ሌሎቹ አይበተንም፣ ሻካራ ግድግዳ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ ይሸፍናል። ድክመቱም ከዚሁ ይመጣል። የሰው ፊት ላይ የጉንጭ ጥላ ለማለስለስ ብላክን የያዘ ሰው ካፑን በጣቱ እየታገለ ነው የሚሠራው፤ ቀለሙ ሳይፈለግ ይበዛል፣ ይወርዳል። ለትልልቅ ፊደላትና ለፈጣን ሥራ ግን ተወዳዳሪ የለውም።

ሞንታና ጎልድ ዝቅተኛ ግፊት ያለው ናይትሮ-አክሪሊክ ነው፣ በአልኪዱ ፈንታ የፕላስቲክ ዓይነት ሙጫ አለው፤ ከ200 በላይ ቀለም አለው፣ ሲደርቅ አያብለጨልጭም። ጣትን ያዳምጣል። ቀለል አድርገው ሲጫኑት ትንሽ ይወጣል፣ ጠበቅ ሲያደርጉ ይጨምራል፤ ከአንድ ቀለም ወደ ሌላው ማሸጋገር የሚቻለው በዚህ ነው። አክሪሊክ መሆኑ ሌላም ጥቅም አለው፣ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ላይ ስንደርስ እናየዋለን። የሚያሳማው ሽፋኑ ነው፦ ቢጫና ብርቱካናማዎቹ ጥቁር ግድግዳ ላይ በአንድ ዙር አይሸፍኑም፣ ከታች ነጭ ይፈልጋሉ። እርግጥ ይህ የቢጫ ቀለም ሁሉ ጠባይ ነው፤ ከዚህ ዋጋ ግን ሰው ተጨማሪ ይጠብቃል።

ኤምቲኤን 94 ከጎልድ ጋር አንድ ምድብ ውስጥ ነው፦ ዝቅተኛ ግፊት፣ ማት (የማያብለጨልጭ)፣ ሰፊ የቀለም ምርጫ። መሠረቱ ግን አልኪድ ነው። ሲረጭ በጣም ለስላሳ ነው፤ ለቁም ምስል ከሦስቱ አንዱን ብቻ ምረጡ ብባል ይህንን ነው የምመርጠው። ስፔክትራል የሚባሉት የሚያሳልፉ ቀለሞቹ ለብቻቸው ይነሣሉ። አሳላፊ ጥቁር በማንኛውም ቀለም ላይ ስስ አድርጎ ሲነፋበት ያው ቀለም ጠቆር ብሎ ጥላ ይሆናል፤ ለቀይ ጥላ ጥቁር ቀይ፣ ለአረንጓዴ ጥላ ጥቁር አረንጓዴ እያሉ መግዛት ይቀራል። ጎልድም አሳላፊ ቀለሞች አሉት። በጀት ለጠበበው ሰው አንድ አሳላፊ ጥቁር ሦስት አራት ጣሳ ይቆጥባል።

ተራው የመኪና ስፕሬይ መጥፎ ቀለም አይደለም፤ ለሌላ ሥራ የተሠራ ነው እንጂ። ለለሰለሰ ብረት ታስቦ ስለተሠራ ቀለሙ ቀጭን ነው፤ ብሎኬት ላይ ሲረጭ ተመጦ ይጠፋል። ቫልቩ ወይ ይዘጋል ወይ ይከፈታል፣ መሐል የለውም። አብዛኛው አብረቅራቂ ስለሆነ ደግሞ የተጠናቀቀው ሥራ ፎቶ ሲነሣ ፀሐይዋን መልሶ ግማሹን ሥዕል ያጠፋዋል። ለስቴንስል ግን ይበቃል። ካርቶን ወይም የራጅ ፊልም ቆርጦ በላዩ ላይ ሁለት ስስ ዙር መርጨት የጣት ጥበብ አይጠይቅም፤ ለዚህ ሥራ ውድ ጣሳ መግዛት ብክነት ነው።

አሁን ወደ ካፑ። ያው ጣሳ በካፕ ለውጥ ብቻ ሌላ መሣሪያ ይሆናል። ስኪኒ የሚባለው ቀዳዳው ጠባብ ነው፤ ከግድግዳው ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ተጠግተው በፍጥነት ሲያልፉ የጣት ስፋት ያለው ጥርት ያለ መስመር ይሰጣል። ፋት ካፕ ራቅ ብለው ሲረጩበት ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ስፋት ያወጣል፤ ለመሙላትና ለትልቅ ፊርማ ነው። ካፑን ገልብጣችሁ እግሩን ተመልከቱ፣ ትንሽ ስንጥቅ አለው። ቀለሙ የሚገባው በዚያ ነው፤ ስንጥቁ ሰፊ ከሆነ ብዙ ቀለም ያሳልፋል። ሁለት የሚመሳሰሉ ካፖች ለምን የተለያየ መስመር እንደሚያወጡ ግራ የተጋባ ሰው መልሱን እዚያ ያገኘዋል።

ካፕ ከመግዛታችሁ በፊት ያላችሁን ጣሳ ካፑን ንቀሉና እዩት። ቀጭኗ ቱቦ ከካፑ ጋር ከወጣችና ጣሳው ላይ ቀዳዳ ብቻ ከቀረ፣ የአውሮፓዎቹ የግራፊቲ ካፖች ይገቡለታል። ቱቦዋ ጣሳው ላይ ቆማ ከቀረች ግን አይገቡም፤ ለዚያ ዓይነቱ የሚሆን ሌላ ካፕ ወይም አስማሚ ያስፈልጋል። የመኪና ስፕሬዮች ከሁለቱም ዓይነት ስላሉ ጣሳ በጣሳ መፈተሽ ነው።

ከውጭ ለሚያስመጣ ሰው ይህ ፍተሻ ገንዘብ ነው። ተቀጣጣይ ስፕሬይ ቀለም በመንገደኛ አውሮፕላን በእጅም በሻንጣም አይፈቀድም፤ ከዋሽንግተንም ይሁን ከፍራንክፈርት የሚመጣ ዘመድን ሁለት ጣሳ ሸጉጥልኝ ብሎ ማስቸገር ሻንጣውን ማስያዝ ነው። ካፕ ግን ተራ ፕላስቲክ ነው። መቶ ካፕ በአንድ የላስቲክ ከረጢት ገብቶ ክብደቱ አይታወቅም፣ የሚከለክለውም የለም። ስኪኒውን አብዝታችሁ እዘዙ፤ ቶሎ የሚደፈነው እሱ ነው።

ስለ አጠቃቀሙ ደግሞ። ጣሳው ኳሱ መንኳኳት ከጀመረ በኋላ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይነቅነቅ። ነጩና ብርማው ከሁሉም በላይ ይህን ይፈልጋሉ፤ ዱቄታቸው ከባድ ስለሆነ ታች ይረጋል። ሳይነቀነቅ የተረጨ ነጭ መጀመሪያ ውሃ የመሰለ ነገር ያወጣና ኋላ ላይ ታች የቀረው ወፍራም ዝቃጭ ቫልቩን ይደፍነዋል። ያኔ ሰው ጣሳውን ያማርራል፤ ጥፋቱ ግን በደንብ ያልነቀነቀው እጅ ነው። ካፑን ስትተክሉ ጣሳውን ከግድግዳውም ከፊታችሁም አዙሩት፤ እግሩ ቫልቩን ሲነካ ቀለም ፊጭ ማለቱ አይቀርም። መጀመሪያ ካርቶን ላይ ሞክሩ። መስመር ስትስቡ ክንዳችሁ መንቀሳቀስ ከጀመረ በኋላ ተጫኑ፣ ከመቆሙ በፊት ልቀቁ። ቀለም የሚወርደው ሁልጊዜ መስመሩ ጫፍ ላይ ነው፤ ምክንያቱም እጅ ቆሞ ጣት ግን መጫኑን አልተወም። ለመሙላት ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ራቁ፤ በአንድ ወፍራም ዙር ፈንታ ሁለት ስስ ዙር ስጡት።

ጣሳው ወደ መጨረሻው ሲደርስ ቀለም እያለው ጋዝ ብቻ ከረጨ፣ ውስጥ ያለው ቱቦ ጫፉ ጠማማ ስለሆነ ቀለሙ ወደሌለበት ጎን ዞሯል ማለት ነው። ካፑን ግማሽ ዙር አዙራችሁ ጣሳውን በሌላው ጎኑ ያዙት። ሥራ ሲያልቅ ጣሳውን ገልብጣችሁ ጋዝ ብቻ እስኪወጣ ሁለት ሦስት ሰከንድ ተጫኑ፤ ካፑ ይጸዳል። የተደፈነ ካፕ ቲነር ባለበት ብልቃጥ ውስጥ ይደር። በመርፌ መጎርጎር ቀዳዳውን ያሰፋውና ስኪኒው ስኪኒ መሆኑ ይቀራል።

ከግድግዳው ጋር የሚመጣው ጣጣ ከጣሳው ይብሳል። አዲስ ልስን ላይ ለመሥራት የሚቸኩል ሰው ብዙ ነው። ትኩስ ሲሚንቶ አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ) ነው፤ አልካሊ ደግሞ አልኪድን ወደ ሳሙናነት ይለውጠዋል። ብላክም ኤምቲኤን 94ም በአልኪድ የተሠሩ ስለሆኑ ገና ያልደረቀ ልስን ላይ ቢረጩ ከጊዜ በኋላ ይላጣሉ፣ ቀለማቸውም በጠቃጠቆ ይወይባል። ልስኑ ቢያንስ አንድ ወር ይቆይ። ጎልድ አክሪሊክ በመሆኑ ይህን የተሻለ ይቋቋማል፤ ለእሱም ቢሆን መጠበቁ ይሻላል። ብሎኬት ላይ በቀጥታ መርጨት ቀለም መድፋት ነው። መጀመሪያ በሽቦ ብሩሽ አራግፎ፣ የውጭ አክሪሊክ ቀለም ወይም ኳርትዝ በሮለር ሁለት ዙር ቀብቶ፣ አንድ ቀን ማሳደር ነው።

ቆርቆሮ አጥር የራሱ ጉድ አለው። ሲያዩት ለስላሳ፣ ሰፊ፣ ለሥዕል የተፈጠረ ይመስላል። አዲስ ቆርቆሮ ላይ ግን ስስ የፋብሪካ ዘይት አለ፣ ከሥሩ ደግሞ ዚንክ አለ። አልኪድ ከዚንክ ጋር አይስማማም፤ ለጥቂት ወራት ያማረ ሥዕል ከዚያ በጥፍር ሲነኩት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣል። በዱቄት ሳሙና በደንብ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ በብርጭቆ ወረቀት ማሻከር፣ ለዚንክ ቆርቆሮ የሚሆን ፕራይመር (ከሥር የሚቀባ ማያያዣ ቀለም) መቀባት፣ ከዚያ በአክሪሊክ መሥራት ነው መንገዱ። እዚህ ላይ ጎልድ ከሁለቱ ይመረጣል። የዛገ አሮጌ ቆርቆሮ ደግሞ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ተራግፎ ፀረ-ዝገት ይቀባ፤ ፀረ-ዝገቱ በደንብ ሳይደርቅ ከላዩ ስፕሬይ ቢነፋበት የስፕሬዩ ቲነር ያነቃውና ቀለሙ እንደ እርጎ ቆዳ ይጨማደዳል። ያረጀ የዘይት ቀለም ላይም ተመሳሳይ ነገር ስለሚያጋጥም ጥግ ላይ በመዳፍ ስፋት ሞክሩና ሃያ ደቂቃ ጠብቁ።

ክረምት ለዚህ ሥራ አይሆንም። ዝናቡ ብቻ አይደለም ምክንያቱ፤ ናይትሮ ያለበት ቀለም እርጥበት ባለው አየር ሲረጭ ቲነሩ ሲተን ገጹን ስለሚያቀዘቅዘው ጤዛ ይይዝና ጥቁሩ ነጭ ጉም ይለብሳል። ከመስከረም ወዲያ ጥሩ ነው፤ በእኩለ ቀን የጋለ ግድግዳ ላይ ግን ቀለሙ ገና ሳይደርስ ይደርቅና እንደ አሸዋ ይሻክራል። ጠዋት ሦስትና አራት ሰዓት ላይ፣ ከዚያ ከሰዓት በኋላ ጥላ ሲዞር መሥራት ነው። ፍሎረሰንት ቀለሞችን ከውጭ ግድግዳ ላይ አታድርጉ፤ እንደ አዲስ አበባ ያለ ከፍታ ላይ ፀሐይዋ ፈጥና ታጠፋቸዋለች። ብርማው ላይ ደግሞ ቫርኒሽ አትደርቡ፣ ብርሃኑ ይሞትና ግራጫ ይሆናል።

በግዕዝ ፊደል የሚሠራ ሰው የካፕ ምርጫው ከላቲን ሠሪው ይለያል። የሌ፣ የቤ፣ የጬ ቀለበት በስፕሬይ ብናኝ በቀላሉ ይደፈናል። የመስመራችሁ ስፋት 2 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የቀለበቱ ውስጥ ቢያንስ 6 ይሁን፤ ከነመስመሩ 10 ይሆናል ማለት ነው። ቀለበቱ የፊደሉን ቁመት አምስተኛ ያህል ስለሚይዝ ፊደሉ ከ50 ሴንቲ ሜትር ባያንስ ይመረጣል። ከዚያ ለሚያንስ ጽሑፍ ስፕሬዩን ተዉትና ፖስካ ማርከር ያዙ፤ 15 ሚሊ ሜትሩ ፒሲ-17ኬ፣ 8 ሚሊ ሜትሩ ፒሲ-8ኬ ይባላል። ለለሰለሰ ሰሌዳ እንጂ ለሻካራ ልስን አይሆንም፣ ጫፉ ይበላል። ብራና ላይ በመቃ ብዕር የተጻፈ ፊደል ቋሚው ወፍራም፣ አግዳሚው ቀጭን ነው፤ ክብ የሚረጭ ካፕ ግን ሁሉንም እኩል ያደርገዋል። ያንን የቁም ጽሕፈት መልክ የሚፈልግ ሰው ፊደሉን በስኪኒ ዙሪያውን ስሎ ውስጡን ይሙላ፣ ወይም ጠፍጣፋ የሚረጨውን የካሊግራፊ ካፕ ይሞክር። ካሊግራፊ ካፑ ከፍ ባለ ግፊት፣ ማለትም ከብላክ ጋር ሲሆን ነው ጠርዙ ጥርት የሚለው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። 10 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ ግድግዳ 30 ካሬ ነው። አንድ 400 ሚሊ ሊትር ጣሳ ቢበዛ 2 ካሬ ይሸፍናል ይባላል፤ ሻካራ ግድግዳ ላይ ከአንድ ካሬ ተኩል በላይ አትጠብቁ። ሁሉም በስፕሬይ ይሁን ካላችሁ ከ20 ጣሳ በላይ ነው። አውሮፓ ውስጥ አንዱ እንደ ሱቁ ከ4 እስከ 6 ዩሮ አካባቢ ስለሚሸጥ ድምሩን ራሳችሁ አስሉት፤ እዚህ በመርከብ መጥቶ ሲሸጥ ምን እንደሚሆን ደግሞ መናገር አያስፈልግም። መደቡን በሮለር ካደረጋችሁት ሰባት ስምንት ሊትር የውጭ ቀለም ለሁለት ዙር ይበቃል፤ ለፊደሉ፣ ለጥላውና ለዳር መስመሩ ከስምንት እስከ አሥር ጣሳ ብትይዙ ሥራው ያልቃል። ከነዚያ ውስጥ ሁለቱ ጥቁር፣ ሁለቱ ነጭ ይሁኑ፤ ቀድመው የሚያልቁት እነሱ ናቸው።

ይህ ምክር አንድ ወጥመድ አለው። የስፕሬይ ሥራ ውበት መስመሩ ከተሳበ በኋላ ጠርዙን በመደቡ ቀለም እየሸፈኑ ማቅጠን ላይ ነው። መደቡ በሮለር ከሆነና ያው ቀለም በጣሳ ከሌላችሁ ማስተካከያ የላችሁም። ስለዚህ ተገላቢጦሹን አድርጉ፦ መጀመሪያ የመደብ ቀለማችሁን በጣሳ ምረጡ፣ ካርቶን ላይ ረጭታችሁ አድርቁት፣ ካርቶኑን ይዛችሁ ቀለም ቤት ሂዱና የሮለሩን ቀለም በእሱ ልክ አስቀምሙ። ሲደርቅ ስለሚቀየር እርጥቡን ከካርቶኑ ጋር አታስተያዩ፤ ጣት የምታክል ቀብተው አድርቀው ያሳዩአችሁ።

ስለ ጤና ቀልድ የለም። የኮቪድ ጊዜ ማስክ ቲነር አያስቀርም፤ አቧራውን እንኳ በቅጡ አይዝም። የሚያስፈልገው ኤ2ፒ2 ወይም ኤ2ፒ3 የሚል፣ ቡናማና ነጭ ቀለበት ያለው ማጣሪያ የሚገጠምለት ግማሽ ፊት ማስክ ነው። ቡናማው ለቲነር ትነት፣ ነጩ ለብናኝ ነው። በማስኩ ውስጥ ሽታ ከገባ ወይ ፊት ላይ አልገጠመም ወይ ማጣሪያው አልቋል፤ ፂም ያለው ሰው ደግሞ ማስኩ በደንብ አይገጥምለትም። ክፍል ውስጥ ወይም ትምህርት ቤት ለመሥራት ከሦስቱ አንዱንም አልመክርም። ለዚያ ኤምቲኤን ውሃ-ወለድ የሆነ 300 ሚሊ ሊትር ጣሳ አለው፤ ሽታው ቀላል ነው፣ መስኮት ግን ይከፈት።

ግድግዳው የማን እንደሆነ ማወቅና የባለቤቱን ፈቃድ በጽሑፍ መያዝ የሥራው አካል ነው። ውጭ ያላችሁ ጣሳ ለመሞከር የተፈቀደ ቦታ አታጡም፤ ለንደን ላይ የሊክ ስትሪት ዋሻ፣ በርሊን ላይ የማወርፓርክ ግድግዳ ለዚህ ክፍት ናቸው። እንግሊዝ ውስጥ ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ስፕሬይ ቀለም አይሸጥም፣ ስለዚህ ሱቅ ውስጥ መታወቂያ ብትጠየቁ አትቀየሙ።

ያለቀ ጣሳ ባዶ አይደለም፤ ጋዝ ይቀረዋል። ገልብጣችሁ ድምፅ እስኪያጣ ድረስ ደጅ ላይ አስተንፍሱት፣ ካፑን ንቀሉና አስቀሩ፣ ከዚያ ለቁራሌው ስጡት። ከሚቃጠል ቆሻሻ ጋር መጣል ግን ፈንጂ መጣል ነው፤ ቀዳዳ አበጅቼ አስተንፍሰዋለሁ ብሎ በምስማር መብሳትም እንዲሁ።